መቅላቱ ጠፋ ማለት ቁስሉ ዳነ ማለት አይደለም

ዛሬ የምናወጋው በብዙዎቻችን ቤት ግማሹ አልቆ ግማሹ ተርፎ በመደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ ስለ ዓይን ጠብታ። ስለ ሁሉም ጠብታ ግን አይደለም። የሰውነትን የመከላከል አቅም ለጊዜው የሚያለዝቡ፣ የዓይንን መቆጣት የሚያበርዱ ጠብታዎች አሉ። ለሚገባው ዓይን፣ በሚገባው ጊዜ ሲሰጡ ብርሃን ያተርፋሉ። በቆሰለ ዓይን ላይ ያለ ምርመራ ሲጨመሩ ግን ቁስሉ እንዳይገጥም ያደርጋሉ። ሕመሙንና መቅላቱን ስለሚያጠፉም ጉዳቱ የሚታወቀው ከረፈደ ነው።

ወላጆችንም አያቶችንም እኩል የሚመለከት ጉዳይ ነው። ጠብታው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ለልጅ ታዝዞ ሲሆን፣ የተረፈው የሚንጠባጠበው ደግሞ በአያት ዓይን ውስጥ ነው። በእኛም ቤተሰብ የሆነው ይኸው ነው።

ከሞጣ የመጣችው ብልቃጥ

አጎቴ የሚኖሩት ብቸና አጠገብ ነው። እድሜያቸው ሰባን ቢያልፍም አውድማ ላይ ከወጣት አያንሱም። ልጃቸው ያገባችው ሞጣ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጇ ዓይኑን እያከከ ሁለት ዓመት ተቸግሯል። በበጋ፣ አቧራው ሲነሳ ይብስበታል። ፀሐይ ማየት አይችልም፤ ጠዋት ሲነሳ እንደ ክር የሚጎተት ዓይነ ምድር ይወጣዋል፤ የዓይኑ ነጭ ክፍል ጠይም ቡኒ መስሏል። እናቱ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጠብታ ገዛችለት። በማግስቱ ማከኩን ተወ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ በተነሳበት ቁጥር ያችን ጠብታ እየገዛች ታደርግለታለች።

በጥር የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጁ አያቶቹ ዘንድ ብቸና መጣ፤ ብልቃጧም አብራው መጣች። በዚያው ሰሞን አጎቴ ጤፍ ሲያበራዩ እብቅ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። እንደ ልማዳችን በነጠላ ጫፍ አወጡላቸው። ማታ ግን ዓይናቸው ቀልቶ፣ ውኃ እያፈሰሰ፣ እሳት የገባበት ያህል አቃጠላቸው። አክስቴ የልጅ ልጃቸውን ብልቃጥ አነሱ። በኋላ ሲነግሩኝ፣ «እንዴት ያለች ጠብታ መሰለችህ! ልጁ ላይ አንድ ሌሊት ነው ያደረች፤ ጠዋት ነጩ ዓይኑ ወተት መሰለ። ለእሳቸውስ ለምን ትቅር ብዬ ነው» አሉ።

በአጎቴም ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሠራች። መቅላቱ ቀነሰ፣ ቃጠሎው ረገበ። ወደ አውድማቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት ግን በጥቁሩ ዓይናቸው መሃል ነጭ ነጥብ ታየ፤ እይታቸውም ጉም ለበሰ። ብቸና ሆስፒታል ሲታዩ ዓይናቸው ላይ ብርቱካናማ ቀለም ተጨምሮ በሰማያዊ ብርሃን ታየ፤ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ወዲያው ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈላቸው። እዚያ ከቁስሉ ተፍቆ ሲመረመር የተገኘው ፈንገስ ነበር። ከሁለት ወር በላይ በየሰዓቱ፣ ቀጥሎም በየሁለት ሰዓቱ እየታከሙ ዓይናቸው ተረፈ። ነገር ግን በብሌኑ መሃል ነጭ ጠባሳ ቀርቷል፤ በዚያ ዓይን የሚያዩት የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

አጎቴን ለማስታመም ባሕር ዳር በቆየሁበት ጊዜ ሐኪሞቹን ደጋግሜ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ ልጁን የረዳች ጠብታ አያቱን እንዴት ልትጎዳ ቻለች? ከእነርሱ የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ጥቁሩ ዓይን እንዴት ይድናል?

በተለምዶ «ጥቁሩ ዓይን» የምንለው በእውነቱ ጥቁር አይደለም። ከፊት ያለው ብሌን፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፣ እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ነው፤ የምናየው ቀለም ከበስተኋላው ያለው ነው። ውፍረቱ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥራቱን እንዳያጣ የደም ሥር የለውም። በምትኩ በጥቃቅን ነርቮች የተሞላ ስለሆነ አንዲት እብቅ እንኳ እንቅልፍ ትነሳለች።

የዚህ መስተዋት የላይኛው ሽፋን ከአምስት እስከ ሰባት በሚደርሱ የሴል ድርብርቦች የተሠራ ነው። ሲጫር የሚከተለው ነገር ደቦ ይመስላል። በመጀመሪያ በቁስሉ ዙሪያ ያሉ ሴሎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከቦታቸው ተነስተው፣ ተለጥጠው፣ ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተታሉ። ቀጥሎ ከብሌኑ ጠርዝ፣ ነጩና ጥቁሩ ዓይን ከሚገናኙበት ቀለበት፣ አዳዲስ ሴሎች እየተባዙ ከዳር ወደ መሃል ይመጣሉ። በመጨረሻ ከሥራቸው ካለው ሽፋን ጋር ይጣበቃሉ። ቀላል ጭረት በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይገጥማል፤ አጥብቆ እስኪይዝ ግን ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ ደረጃ የዳነ ጭረት ጠባሳ አይተውም።

ቁስሉ ከላይኛው ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን ታሪኩ ይለወጣል። የውስጠኛው ክፍል ኮላጅን በሚባል ክር ተሠርቶ በሥርዓት የተደረደረ ነው፤ የጠራውም በዚህ አደራደር ምክንያት ነው። ሲጎዳ የሚተካው ክር የተዘበራረቀ ስለሚሆን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከውጭ «ነጭ ነጥብ» የምንለው ይኸው ነው። ከሞራ ይለያል፤ ሞራ ከብሌኑ ኋላ ባለው ሌንስ ላይ የሚመጣ ሲሆን በቀዶ ሕክምና ሌንሱ ይለወጣል። የብሌን ጠባሳ መሃል ላይ ካረፈና ከከፋ መፍትሔው ብሌኑን ራሱን መተካት ነው፤ ያም ከሟች በሚለገስ ብሌን የሚደረግ ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን የዓይን ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ነው። የሚለገሰው ብሌን ከሚጠብቀው ሰው ቁጥር ጋር ስለማይመጣጠን፣ ከብቸናም ከሞጣም ያለ ሰው ተራ ጠባቂ ከመሆን ቁስሉን በጊዜው ማዳን እጅግ ይቀለዋል።

ጠብታው ምን ያደርጋል?

ዓይን ሲቆስል የሰውነት ዘበኞች ይመጣሉ። ነጭ የደም ሴሎች ከጠርዝ ያሉ የደም ሥሮችን ጥሰው ወደ ቁስሉ ይገባሉ፤ ተህዋስ ካለ ይገድላሉ፤ የሞተውን ይጠርጋሉ። መቅላቱ፣ ማበጡና ማቃጠሉ የእነዚህ ዘበኞች ጫጫታ ነው።

ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታዞንና የመሳሰሉት ጠብታዎች ስቴሮይድ ይባላሉ። ሥራቸው ይህን ጫጫታ ዝም ማሰኘት ነው። ዘበኞቹን ወደ ቁስሉ እንዳይመጡ ያግዳሉ፤ የመጡትንም ያዳክማሉ። የደም ሥሮቹ ስለሚጠቡ መቅላቱ ይጠፋል፤ ታካሚውም የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚሁ ጋር ሦስት ነገሮች ይሆናሉ።

አንደኛ፣ ስቴሮይድ የላይኛው ሽፋን የሚገጥምበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ውስጠኛውን ክፍል የሚጠግነውን የኮላጅን ሥራም ያዳክማል። በሕንድ በባክቴሪያ በቆሰሉ 42 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ስቴሮይድ የተጨመረላቸው ሰዎች ቁስል ለመግጠም ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

ሁለተኛ፣ ተህዋሱ ጠባቂ የሌለው ቤት ያገኛል። በተለይ በሁለት ተህዋሶች ላይ አደጋው የከፋ ነው። አንዱ ከእህል፣ ከገለባ፣ ከቅጠልና ከአፈር ጋር የሚገባው ፈንገስ ነው፤ አጎቴን የጎዳው ይህ ነው። ሌላው የከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በብሌን ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል ቀጭን ቁስል ያወጣል፤ ስቴሮይድ ብቻውን ሲጨመርበት ቅርንጫፉ ሰፍቶ እንደ ካርታ ይዘረጋል።

ሦስተኛ፣ ለሳምንታትና ለወራት ሲቆይ በአንዳንድ ሰዎች የዓይን ግፊት ከፍ ይላል። ግፊቱ ሳይታመም፣ ሳያቀላ፣ የዓይንን ነርቭ ይበላል፤ ግላኮማ የምንለው ነው። የጠፋው እይታም አይመለስም። በዚያ ላይ ሞራ ያስከትላል። ሕፃናት ከዚህ አይድኑም፤ እንዲያውም ልጅ «እይታዬ ከዳር ከዳር ጠበበብኝ» ብሎ ስለማይናገር በእርሱ ላይ የባሰ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ብዙ ጠብታዎች እንዳይበላሹ የሚጨመርባቸው መጠበቂያ ኬሚካል አለ። በጤነኛ ዓይን ላይ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲገባ ብዙም አይጎዳም። በቆሰለ ብሌን ላይ ደጋግሞ ሲገባ ግን እርሱ ራሱ አዳዲሶቹን ሴሎች ያቆስላል። ለምርመራ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው ማደንዘዣ ጠብታም እንዲሁ ነው፤ ሕመም ያስታግሳል ብሎ ወደ ቤት መውሰድ ቁስሉን ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ታዲያ ሐኪም ለምን ያዝዘዋል?

ይህን ያነበበ ሰው ነገ ጠዋት ብልቃጡን ሊወረውር ይችላል። አይደረግም። ዘበኞቹ ራሳቸው ቤቱን የሚያፈርሱበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ዝም ማሰኘት ግድ ነው።

የሞጣው ልጅ ያለበት ሕመም አንዱ ምሳሌ ነው። በሞቃትና በደረቅ አካባቢዎች በልጆች ላይ፣ ከሴቶቹ ይልቅ በወንዶቹ ላይ የሚበዛ ብርቱ የዓይን አለርጂ ነው፤ በአብዛኛው ከጉርምስና በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ሲከፋ የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ክፍል እንደ ኮብል ድንጋይ ንጣፍ ያብጣል። ልጁ ዓይኑን በገለጠና በጨፈነ ቁጥር ያ ንጣፍ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ በአለርጂው የሚመነጨው ኬሚካልም ሴሎቹን ይመርዛል። በዚህ ምክንያት በብሌኑ ላይ ጋሻ የሚመስል ቁስል ይወጣል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁስሉን ያመጣው የራሱ የሰውነት ቁጣ ስለሆነ፣ ቁጣውን የሚያበርድ ጠብታ ካልተሰጠ ቁስሉ አይድንም። ስለዚህ ሐኪሙ ኢንፌክሽን እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ይሰጣል፤ ቀስ በቀስም ይቀንሰዋል።

ብሌን የተተከለለት ሰውም እንዲሁ ነው። ሰውነቱ የሌላውን ሰው ብሌን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይገፋው ጠብታውን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጠቀማል። እርሱ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ የተተከለውን ብሌን ሊያጣ ይችላል።

ባክቴሪያ ባቆሰለው ዓይን ላይስ? ጠባሳ እንዲቀንስ በሚል ስቴሮይድ መጨመር ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። 500 ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ አብዛኞቹ በሕንድ የታከሙበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ታካሚዎቹ መጀመሪያ ለ48 ሰዓት ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ ብቻ ተሰጣቸው፤ ከዚያ ገሚሱ ስቴሮይድ ተጨመረላቸው። ከሦስት ወር በኋላ በእይታቸው ላይ በጥቅሉ ልዩነት አልተገኘም። ልብ ማለት ያለብን በዚያ ጥናት ውስጥ ተህዋሱ በቤተ ሙከራ ተለይቷል፤ ፈንገስና ሄርፒስ ያለባቸው እንዲገቡ አልተደረገም፤ ሐኪምም በየጊዜው ተከታትሏቸዋል። በመደርደሪያችን ላይ ያለው ብልቃጥ ከእነዚህ አንዱንም ይዞ አይመጣም።

ከስቴሮይድ ሌላ መንገድም አለ። ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ የሚባሉ ጠብታዎች ሁሉንም ዘበኛ ሳይሆን በዋነኝነት ቲ ሴል የሚባለውን፣ ሌሎችን የሚያነሳሳውን አዛዥ ያረጋጋሉ። ሳይክሎስፖሪን የተገኘው ከኖርዌይ አፈር ከተወሰደ ፈንገስ፣ ታክሮሊመስ ደግሞ በጃፓን ጹኩባ አካባቢ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ ነው፤ ሁለቱም ስማቸው የታወቀው በኩላሊትና በጉበት ንቅለ ተከላ ነው። በዓይን ላይ ግፊት አይጨምሩም፣ ሞራ አያመጡም፤ ከስቴሮይድ ጋር ሲነጻጸሩም የላይኛውን ሽፋን መግጠም እምብዛም አያዘገዩም። ለዚህ ነው ለዓመታት ለሚቆይ የልጆች አለርጂ የሚመረጡት። ጉድለታቸው ቀስ ብለው መሥራታቸው ነው፤ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ሲገቡም ያቃጥላሉ። እነርሱም ቢሆኑ መከላከያን የሚያለዝቡ ስለሆኑ ተህዋስ ባለበት ቁስል ላይ አይጨመሩም። በእኛ አገር እንደ ልብ አለመገኘታቸውና ዋጋቸው ወላጅን ወደ ርካሹና ወደ ፈጣኑ ዴክሳሜታዞን እንደሚገፋው ግልጽ ነው።

የአጎቴ የልጅ ልጅ ከአያቱ ጋር ባሕር ዳር ተወስዶ ግፊቱ ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርቩ ገና አልተጎዳም ነበር። ስቴሮይዱ ቀስ በቀስ ተቀንሶ በሌላ ተተካ፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ግፊቱ ወርዷል። የአያቱ ዓይን ባይታመም ኖሮ ያ ልጅ ለመለካት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድበት ምክንያት አልነበረም።

ለምን በእኛ አካባቢ ይከፋል?

ከብቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ የእህል አገር ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፤ በመካከሉ ባሕር ዛፍ። እብቅ፣ የገብስ ዛላ ጫፍ፣ የቅጠል ስለት፣ የፍልጥ ስንጣሪ ዓይን ሲመታ ዓመቱን ሙሉ ነው። ከአውድማ የሚገባ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ላይ ትራኮማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች 11.5 በመቶው በትራኮማ የመጣ የብሌን ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት የመጣ የብሌን ጠባሳ ነበር። አንድ ላይ ሲደመሩ ከአምስት ዓይነ ስውራን አንዱ ያህል ብርሃኑን ያጣው በብሌን ምክንያት ነው ማለት ነው። በዚያው ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው።

ብዙ ተሠርቷል። ግንደ ወይን ዋና ከተማዋ በሆነችው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የአዚትሮማይሲን እደላ ጥናት በዓለም የዓይን ሕክምና ዘንድ የታወቀ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች፣ በልጆች ዓይን ላይ የሚገኘው የትራኮማ ተህዋስ በ42 ወራት ውስጥ ከ41.9 በመቶ ወደ 1.9 በመቶ ወርዷል።

ይሁንና በልጅነታቸው ደጋግሞ የያዛቸው የዛሬ አያቶች ጠባሳው ከቆባቸው ውስጥ አልወጣም። ቆባቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍታቸው ብሌኑን ይወጋዋል። እናቶቻችን ወረንጦ ከመቀነታቸው የማይለዩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ሁልጊዜ የተጫረ ነው። በዚህ ላይ ስቴሮይድ ሲጨመር መቆርቆሩ ይቀንሳል፤ ፀጉሩ ግን መጫሩን አይተውም፤ ቁስሉም መግጠሙን ያቆማል። የእርሱ መድኃኒት ቆቡን የሚያስተካክል አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ በሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ደረጃ ይሰጣል።

እብቅ ሲገባ ምን እናድርግ?

አትሹት። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ዓይኑን አጥለቅልቃችሁ እጠቡ፤ ደጋግሞም ያርገብግብ። በምላስ መላስ፣ በነጠላ ጫፍ መፈተግ፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም የጡት ወተት መጨመር ቁስሉን ያሰፋል፤ ተህዋስም ይጨምራል። የተተከለ ስንጣሪ ካለ ሳትነኩት ወደ ሕክምና ውሰዱ። የገባው ኖራ ወይም በረኪና ከሆነ ግን ከምንም በፊት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳታቋርጡ ማጠብ ነው።

ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህን «በዚያው ቀን» የምለው ለወግ አይደለም። በኔፓል ባክታፑር የገበሬ መንደሮች፣ ዓይናቸው የተጫረ 442 ሰዎች በመንደር የጤና ሠራተኞች እጅ የክሎራምፌኒኮል ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ ለሦስት ቀን ተደርጎላቸው ነበር። 96 በመቶው ያለ ኢንፌክሽን ዳኑ። ጉዳቱ በደረሰ በ18 ሰዓት ውስጥ ከጀመሩት መካከል ደግሞ አንድም ሰው ቁስሉ አልመረቀዘበትም። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የሠራው ፍጥነትና ተራ ቅባት ነው። በእኛም ጤና ኬላዎች የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የተለመደ ነው። መንገዱ በማይመችበት ሰሞን እንኳ ቅርብ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በር የመጀመሪያው በር ይሁን።

ቅባት ተጀምሮ በሁለት ቀን ካልተሻለ፣ ብርሃን ማየት ካስጨነቀ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ መግል ከወጣ ወይም በጥቁሩ ዓይን ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው።

ብልቃጡን አንብቡት

ዛሬ ማታ መደርደሪያውን ፈትሹ። በጠብታው ላይ የተጻፈው ስም በ«ዞን» ወይም በ«ሎን» የሚያልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሎሮሜቶሎን፣ ስቴሮይድ ነው። ከክሎራምፌኒኮል፣ ከኒኦማይሲን ወይም ከቶብራማይሲን ጋር ተቀላቅሎም ይመጣል። «አንቲባዮቲክ አለበት» ተብሎ ሲሰጣችሁ ሁለተኛውንም ስም አንብቡ። ጽሑፉን የሚያነብ ልጅ በቤት ውስጥ ካለ ለአያቱ ያንብብላቸው። የተከፈተ ጠብታ ደግሞ በአብዛኛው ከአራት ሳምንት በኋላ አይቀመጥም።

ሐኪም ወይም መድኃኒት ቤት ፊት ስትቆሙ አራት ጥያቄ አትርሱ። በቀለም ታይቶ ቁስል አለመኖሩ ተረጋግጧል ወይ? ይህ ጠብታ ስቴሮይድ አለበት ወይ? ለስንት ቀን ነው፣ እንዴትስ ይቋረጣል? ግፊቱ የሚለካው መቼ ነው? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያም ደስ ብሎት ይመልሳል።

በሐኪም ታዝዞላችሁ እየተጠቀማችሁ ያላችሁ ግን በዚህ ጽሑፍ ምክንያት አታቁሙ፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ስቴሮይድ በድንገት ሲቋረጥ ቁጣው በርትቶ ይመለሳል። ቀጠሯችሁን አክብራችሁ ጠይቁ። ለአንዱ ዓይን የታዘዘ ጠብታ ለዚያ ዓይን ብቻ ነው። ልጅም ለአያት፣ አያትም ለልጅ አያካፍሉት። እንጀራ እንካፈላለን፤ የዓይን ጠብታ ግን አንካፈልም።